«ካልተስማማንስ?» የመግባባት ተቋም ለሚያቋቁሙ ሰዎች የሥራ መመሪያ

ድምፅ መቁጠር ቀላል ነው፤ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ 51ዱ 49ኙን ይረታል። ነገሩ የሚከረው ተረቺው ሁልጊዜ ያው ወገን ሲሆን ነው። በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በአካባቢ የተለየ አናሳ ቡድን «በሚቀጥለው ምርጫ ተራዬ ይደርሳል» የሚል ተስፋ ከሌለው ቆጠራው ለእሱ ትርጉም ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከምክር ቤት ወደ ጎዳና፣ ወደ አድማ፣ አንዳንዴም ወደ ጠመንጃ ይሄዳል። የመግባባት ተቋማት የሚሠሩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፦ አስታራቂ ኮሚቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ምክር ቤት፣ በዕጣ የሚመረጥ የዜጎች ጉባኤ፣ አገራዊ ምክክር። ሥራቸው ሰዎችን ማፋቀር አይደለም። እምቢ ማለትን ውድ፣ እሺ ማለትን ደግሞ የማያዋርድ ማድረግ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ተቋም የማቋቋሚያ ሕግ ወይም የአሠራር ደንብ ለማርቀቅ ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠቡን ለዩት

የተቋሙ ዓይነት ከጠቡ ዓይነት ይመጣል። ሁለት ምክር ቤቶች በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ካልተስማሙ የሚያስፈልገው ትንሽና ዝግ ኮሚቴ ነው። የጀርመን አስታራቂ ኮሚቴ 32 አባላት አሉት፤ 16ቱ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ 16ቱ ከክልሎች ምክር ቤት። ክልሎቹ የሚልኳቸው ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ በላካቸው መንግሥት ትእዛዝ አይታሰሩም፤ ስብሰባውም ለሕዝብ ዝግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኮሚቴው ዋናው አዳራሽ የተባለውን በትንሽ ክፍል የሚደግም መድረክ ይሆን ነበር።

ጠቡ የደመወዝ፣ የጡረታና የሥራ ሰዓት ከሆነ ቋሚ ምክር ቤት ይሻላል፤ ጉዳዩ በየዓመቱ ይመለሳልና። በ1950 የተቋቋመው የኔዘርላንድስ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ምክር ቤት ዛሬ 33 ወንበሮች አሉት፦ 11 ለአሠሪዎች፣ 11 ለሠራተኛ ማኅበራት፣ 11 መንግሥት ለሚሰይማቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች። የመጨረሻዎቹ 11 ጌጥ አይደሉም። ከእነሱ መካከል የማዕከላዊ ባንኩ ኃላፊ አለ፤ ሁለቱ ወገኖች «የእኔ ቁጥር ነው ልክ» ብለው ሲጨቃጨቁ ክርክሩን ወደ አንድ የጋራ ቁጥር የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

ፓርቲዎች መንካት የፈሩት የሞራል ጥያቄ ሲሆን የዜጎች ጉባኤ ይሠራል። የሥርዓቱ መሠረት ራሱ ሲያከራክርና ሥርዓቱን ማፍረስ የሚችሉ ኃይሎች ሲኖሩ ግን እነዚያ ኃይሎች ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለባቸው። በተግባር የሚታየው ስህተት የሁለቱ መቀላቀል ነው። ታጥቀው ወይም ተደራጅተው የሚፋጠጡ ወገኖችን ጠብ በዕጣ ለተመረጡ 100 ተራ ዜጎች መስጠት ለዜጎቹም ግፍ ነው፤ የወሰኑትን የሚያስፈጽምላቸው የለም።

የመጨረሻውን አንቀጽ መጀመሪያ ጻፉት

ረቂቅ ሲዘጋጅ ሁሉም የሚሻማው የዓላማውን አንቀጽ ለመጻፍ ነው። እናንተ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ፦ ካልተስማሙስ ምን ይሆናል? ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ቅርንጫፍ ነው።

የደቡብ አፍሪካን የ1993 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ተመልከቱ። 490 አባላት ያሉት ጉባኤ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ሕገ መንግሥት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቅ አዘዘ። እስከዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል። ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ነው። ረቂቁ አብላጫ አግኝቶ ሁለት ሦስተኛው ቢጎድለው ወደ ሕገ መንግሥት ባለሙያዎች ቡድን ይሄዳል፤ ቡድኑ በ30 ቀናት ውስጥ ማሻሻያ ያቀርባል። ያም ካልያዘ በተራ አብላጫ የተደገፈ ረቂቅ ለሕዝበ ውሳኔ ይቀርባል፤ እዚያ 60 በመቶ ያስፈልገዋል። ሕዝቡም ካልተቀበለው ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው ይልቅ ለሁሉም የሚያስፈራ ነው፤ ትልቁ ፓርቲ ብቻውን የሚያተርፍበት የለም፣ ትንሹም ዝም ብሎ በመቆየት የሚጠቀምበት የለም። ጽሑፉ ሜይ 8 ቀን 1996 ጉባኤው ውስጥ ጸደቀ፤ ባለሙያዎቹም ሕዝበ ውሳኔውም አላስፈለጉም። ደረጃዎቹ መኖራቸው በቂ ነበር።

ኔፓል ከዚህ ተቃራኒ ነው። በ2008 የተመረጠው 601 አባላት ያሉት ጉባኤ የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጠው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን «ካልሆነስ?» ለሚለው ማራዘም እንጂ ሌላ መልስ አልነበረም። አራት ጊዜ ተራዘመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዚህ በኋላ ማራዘም የለም ካለ በኋላ ጉባኤው ሜይ 2012 ላይ ባዶ እጁን ተበተነ። ሊራዘም እንደሚችል የሚታወቅ ቀነ ገደብ ማንንም አያስቸኩልም፤ ሁሉም የመጨረሻ ካርዱን ይዞ ይጠብቃል።

የኔዘርላንድስ አሠሪዎችና ሠራተኛ ማኅበራት በ1982 የቫሰናር ስምምነትን ሲፈርሙ ማኅበራቱ የደመወዝ ጭማሪን ገቱ፣ አሠሪዎቹ የሥራ ሰዓት ለማሳጠር በር ከፈቱ። ፍቅር አይደለም ያቀራረባቸው። አዲሱ መንግሥት ካልተስማማችሁ ደመወዙን ራሴ እቆርጠዋለሁ የሚል ዛቻ በደጃቸው አስቀምጦ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ደግሞ የመንግሥትን እጅ ከተፎካካሪያቸው ይበልጥ ይጠሉ ነበር። ጥሩ የመውደቂያ አንቀጽ፣ ስምምነት ሲጠፋ የሚሠራው፣ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ስትጽፉት እንዲህ ይምሰል፤ ቁጥሮቹን እንደ ጉዳያችሁ ቀይሩ፦

«ጉባኤው በ180 ቀናት ውስጥ ረቂቁን ካላጸደቀ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ አከራካሪ ሐረጎቹ በቅንፍ እንደተቀመጡ በ7 ቀናት ውስጥ ለአምስት አባላት የባለሙያ ቡድን ይተላለፋል። ቡድኑ በ30 ቀናት ውስጥ ለእያንዳንዱ አከራካሪ ሐረግ አንድ አማራጭ ብቻ ያቀርባል። ጉባኤው አማራጩን ሳያሻሽል በ15 ቀናት ውስጥ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ከጣለው ሁለቱም ጽሑፎች ለሕዝበ ውሳኔ ይቀርባሉ። የ180 ቀናቱ ገደብ ከአንድ ጊዜ በላይና ከ30 ቀናት ለበለጠ ጊዜ አይራዘምም።»

አምስቱን ባለሙያዎች በመጀመሪያው ሳምንት ሰይሟቸው። ጠቡ ከጋለ በኋላ «ገለልተኛ» የሚባል ሰው አይገኝም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ማን እንደሚጠቀምበት ገና ስላልታወቀ ሁሉም በቀላሉ ይፈርማል። ከዚያ ረቂቁን ይዛችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁሉም ነገር ቢፈርስ ደስ የሚለው ማን ነው? መልሱ ውስጥ አንድ ወገን በግልጽ ከታየ አንቀጹን አፍርሳችሁ ጻፉት፤ ያ ወገን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰዓት ለመግደል ነው።

ሰሜን አየርላንድ የተጎዳችው እዚህ ላይ ነው። በ1998ቱ የሰላም ስምምነት መሠረት ከሁለቱ ማኅበረሰቦች፣ ከብሪታንያ ጋር መቆየት ከሚሹትና ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ ከሚሹት፣ የሚመጡት ቀዳሚ ሚኒስትሩና ምክትሉ አንድ ላይ ይቆማሉ፣ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ አንዱ ሲለቅ ሌላውም ሥልጣኑን ያጣል። ሐሳቡ ማስተሳሰር ነበር። ውጤቱ ግን ቅር ያለው ወገን ወጥቶ ቤቱን በሙሉ መዝጋት መቻሉ ሆነ፦ ከ2002 እስከ 2007፣ ከ2017 እስከ 2020፣ ከ2022 እስከ 2024 ተቋማቱ ቆመው ነበር። የወጣው ወገን የከፈለው ዋጋ ቤት ከቀሩት አይበልጥም። ስምምነቱ ራሱ ሰላም አምጥቷል፤ ይህ አይካድም። የመውጫው በር ግን በጣም ሰፊ ነበር።

«ተስማምተናል» የሚባለው መቼ ነው?

ይህን ሳይወስኑ መጀመር የመጀመሪያውን ከባድ ቀን የመጨረሻ ቀን ማድረግ ነው። ኮዴሳ የተባለው፣ አፓርታይድን ለማብቃት የተደረገው የደቡብ አፍሪካ ድርድር ሁለተኛ ጉባኤ ሜይ 1992 ላይ የተሰናከለው ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ስንት በመቶ ይበቃል በሚለው ቁጥር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት 26 ወገኖች እንደገና ሲቀመጡ «በቂ ስምምነት» የሚባል መለኪያ ሠራላቸው፦ ሰብሳቢው ሂደቱ ወደፊት ሊሄድ የሚችልበት ያህል ድጋፍ አለ ብሎ ካመነ ያልተስማማው ተቃውሞውን አስመዝግቦ ሥራው ይቀጥላል። በተግባር ሁለቱ ትልልቆቹ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና በወቅቱ ገዥ የነበረው ናሽናል ፓርቲ፣ ከተስማሙ በቂ ነበር። ፈጣን ነው፣ አደጋም አለው። በዙሉዎች ዘንድ መሠረት ያለው የኢንካታ ፓርቲ ጁላይ 1993 ላይ ጥሎ ወጣ፤ የተመለሰው ከኤፕሪል 1994ቱ ምርጫ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ታትመው ስለነበር የፓርቲው ስም ተለጣፊ ወረቀት ታትሞ ከግርጌ ተጨመረ። በሩ እስከ መጨረሻው ቀን ክፍት መሆኑ ይህን ያህል ዋጋ ነበረው። «በቂ ስምምነት»ን ከተጠቀማችሁ ለወጡት የመመለሻ አንቀጽ አብራችሁ ጻፉ፦ ተመላሽ ወገን ወንበሩን ያገኛል፣ የተዘጋ ርዕስ ግን አይከፈትለትም።

በዕለት ሥራ ላይ «ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም?» ብሎ መጠየቅ ሰዎችን ከሁለት አንዱ ጥግ ያስገባል። አምስት ደረጃ ስጡ፦ 1 በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ 2 እቀበላለሁ፤ 3 አልወደውም ግን ልኖርበት እችላለሁ፤ 4 እቃወማለሁ ግን አላግድም፤ 5 አግዳለሁ። 5 ያለ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱንና የራሱን አማራጭ ጽሑፍ በእጁ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ ድምፁ 4 ተብሎ ይመዘገባል። ይህች ትንሽ ግዴታ እንደ ልማድ የሚነሡትን እገዳዎች ታራግፋለች። የ3 እና የ4 ብዛትንም ተከታተሉ። ከአዳራሹ ግማሹ 3 ካለ ጽሑፉ ያልፍ ይሆናል፣ ስምምነቱ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ በመጀመሪያው ፈተና ይበጠሳል። ዝምታን እንደ እሺታ መመዝገብማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዝም ያለው ሰው ውጭ ወጥቶ «እኔ አልተስማማሁም» ሲል ቃለ ጉባኤው አያስተባብለውም።

ድምፅ መስጠት ግድ ሲሆን መቶኛው ከምን እንደሚሰላ ጻፉ። 90 አባላት ባሉበት ጉባኤ 60 በመቶ ከሁሉም አባላት ሲሰላ 54 ድምፅ ነው፤ 70 ሰዎች በተገኙበት ቀን ከተገኙት ሲሰላ ደግሞ 42። በሁለቱ መካከል 12 ሰዎች አሉ፤ አገር የሚያናጋ ልዩነት ነው። ድምፀ ተአቅቦም የት እንደሚቆጠር ይጻፍ። ቋሚ ቁጥር ከመጻፍ ተጠንቀቁ፤ በሰሜን አየርላንድ ከ108 አባላት 30ዎቹ ፈርመው ጉዳዩ የሁለቱንም ማኅበረሰቦች ድጋፍ እንዲሻ ማድረግ ይችሉ ነበር። በ2017 አባላቱ ወደ 90 ሲቀነሱ 30 ግን 30 ሆኖ ቀረ፤ ከ28 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ሳይነካ የኃይል ሚዛኑ ተለወጠ።

የማገድ መብትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ፤ ገዳይና አዘግይ። ገዳዩ በአሮጌው የፖላንድ ምክር ቤት የታየው ነው፤ ከ1652 ጀምሮ አንድ አባል ብቻውን «አልፈቅድም» ብሎ ጉባኤውን ያስበትን ነበር፤ የ1791ዱ ሕገ መንግሥት እስኪሽረው ድረስ የውጭ ነገሥታት አንድ ሰው መግዛት በቂያቸው ነበር። አዘግዩን ቤልጂየም ውስጥ ታገኙታላችሁ። የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ እንደራሴዎች ሦስት አራተኛ አንድ ሕግ በማኅበረሰቦች መካከል ያለውን ግንኙነት ክፉኛ ይጎዳል ብለው ከፈረሙ ሕጉ ይቆማል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ወንበር ወዳላቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይሄዳል፤ ምክር ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ አስተያየቱን ይሰጣል፤ ሕጉም ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ሕግ ላይ አንድ ቡድን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ «የማስጠንቀቂያ ደወል» ከ1970 ጀምሮ የተደወለው በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ሕግ አርቃቂዎች ደወሉ እንዳይደወል አስቀድመው ስለሚጠነቀቁ። ምርጫው የእናንተ ከሆነ አዘግዩን ምረጡ።

የቁጥር መለኪያ መውጫ ከሌለው ተቋሙን ከመወለዱ በፊት ይገድለዋል። የቱኒዚያ የ2014 ሕገ መንግሥት ከ216 ድምፅ ሰጪዎች 200 ደግፈውት የጸደቀ ነው፤ በመግባባት ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ውጤቶች አንዱ። ያው ሕገ መንግሥት 12 ዳኞች ያሉት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አዘዘ፤ ምክር ቤቱ አራቱን በሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከ217 በ145 ድምፅ፣ መምረጥ ነበረበት። በዓመታት ውስጥ የመረጠው አንድ ዳኛ ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው ካልተገኘ ምን እንደሚደረግ የሚል መስመር አልነበረም። ጁላይ 2021 ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ሲያግዱ ሕጋዊ ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ወንበሮቹ

ለፖለቲካ ጠብ መለኪያው አንድ ነው፦ ይህ ወገን ውጭ ቢቀር ውጤቱን ማፍረስ ይችላል? ከቻለ ወንበር ይሰጠው። የመን ውስጥ ከማርች 2013 እስከ ጃንዋሪ 2014 የተካሄደው አገራዊ ምክክር 565 አባላት ነበሩት፤ ግማሹ ከደቡብ፣ 30 በመቶ ሴቶች፣ 20 በመቶ ወጣቶች እንዲሆኑ ተወስኖ ነበር። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ዋናው ጥያቄ ግን፣ አገሪቱ ስንት ክልል ትሁን የሚለው፣ ጉባኤው ሳይፈታው ቀርቶ በኋላ ለትንሽ ኮሚቴ ተሰጠ፤ ኮሚቴው በሳምንታት ውስጥ ስድስት ብሎ ወሰነ። ሁቲዎች አልተቀበሉትም፤ ሴፕቴምበር 2014 ዋና ከተማዋን ያዙ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን 565 ሰዎች አሥር ወር የተቀመጡበት ጉዳይ ዋና ቋጠሮ በሌላ ክፍል መወሰኑ የወንበሮቹን ትርጉም አሳጥቶታል።

መግቢያው ላይ ቀብድ ጠይቁ። በ2013 ቱኒዚያ በሁለት የፖለቲካ ግድያዎች ስትናወጥ አራት ድርጅቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረቱ፣ የአሠሪዎች ማኅበሩ፣ የሰብአዊ መብት ሊጉና የጠበቆች ማኅበሩ፣ አሸማጋይ ሆነው ገቡ። ወደ ምክክሩ ለመግባት ፓርቲዎች በመጀመሪያ ኦክቶበር 5 ቀን ፍኖተ ካርታውን መፈረም ነበረባቸው፦ መንግሥቱ በተወሰነ ጊዜ እንዲለቅ፣ ገለልተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲመረጥ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲጠናቀቅ። ሳይፈርሙ መናገር አልነበረም። አሸማጋዮቹም ባዶ እጃቸውን የመጡ አልነበሩም፤ አንዱ አገር የሚያቆም አድማ መጥራት ይችላል፣ ሌላው ካፒታሉን ይወክላል። አራቱም በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀብለዋል።

ለዜጎች ጉባኤ ዕጣው ሁለት ዙር ነው። 100 አባላት ብትፈልጉ ከሕዝብ መዝገብ ወይም ከአድራሻ ዝርዝር በዕጣ ወደ 20,000 ጥሪ ላኩ። ከመቶ አራት ሰው ቢመልስ 800 ፈቃደኞች አላችሁ። ከነሱ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በመኖሪያና በትምህርት ደረጃ ከሕዝቡ ጋር የሚመጣጠን 100 ሰው እንደገና በዕጣ አውጡ። አዘጋጆች የሚዘሉት የትምህርት ደረጃን ነው፤ ጥሪውን የሚመልሱት ደግሞ በብዛት የተማሩት ናቸው፤ ሳይቆጣጠሩት ቢቀር ጉባኤው የዲግሪ ባለቤቶች ማኅበር ይሆናል። ውሎ አበል፣ የመጓጓዣና የሕፃናት መዋያ ወጪ ክፈሉ፤ ካልተከፈለ መጀመሪያ የሚቀሩት የቀን ሠራተኞችና እናቶች ናቸው።

ተጠባባቂዎችን በዚያው ቀን፣ በዚያው ዕጣ ምረጡ፤ ለ100 አባል 20 በቂ ነው። የአየርላንድ የዜጎች ጉባኤ ላይ በ2018 መጀመሪያ ሰባት ተተኪዎች በዕጣው ሥርዓት ሳይሆን በመልማዩ ትውውቅ በስልክ ተመልምለው መግባታቸው ታወቀ፤ ሰባቱም ተነሡ። ዋናው ምርጫ ጥንቁቅ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው የተገኘው በመተካቱ ላይ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ

በ1989 የፖላንድ መንግሥትና ተቃዋሚው የሠራተኞች ንቅናቄ ሶሊዳሪቲ ለንግግር ሲቀመጡ 57 ሰው የሚይዝ ክብ ጠረጴዛ በልዩ ትእዛዝ ተሠራ፤ ማንም የጠረጴዛው ራስ እንዳይሆን። ጠረጴዛው ዝነኛ ሆነ፣ ሥራው ግን አብዛኛው በእሱ ላይ አልተሠራም። የተሠራው በንዑስ ጠረጴዛዎችና ከዋርሶ ውጭ ማግዳሌንካ በተባለች ቦታ በተደረጉ ጥቂት ሰዎች ብቻ በተገኙባቸው ንግግሮች ነው። ትልቁን ጠረጴዛ ለመክፈቻና ለመፈራረሚያ አድርጉት።

በዜጎች ጉባኤ አንድ ጠረጴዛ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ይያዝ፤ አንድ አመቻችና አንድ ጸሐፊ ይኑሩት። ከስምንት ካለፈ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያወሩበት ይሆናል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 90 ደቂቃ፦ 20 ለባለሙያ ገለጻ፣ 15 ለጥያቄ፣ 40 ለጠረጴዛ ውይይት፣ 15 ለሪፖርት። የማይነካው 40ው ነው፤ ባለሙያው ሲያስረዝም አመቻቾች የሚቆርጡት ግን እሱን ነው። የባለሙያውን ጽሑፍ ደግሞ ተቃራኒ አቋም ያለው ባለሙያ አስቀድሞ ያንብበው፤ የሁለቱ የልዩነት ነጥብ በአንድ ገጽ ለአባላቱ ይሰጥ።

የፖለቲካ ድርድር ላይ ሁለት ወገን ሁለት ረቂቅ ይዞ እንዲመጣ አትፍቀዱ፤ ሁለት ረቂቅ ካለ ድርድሩ የማን ረቂቅ ይነበብ የሚል ይሆናል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ይኑር፤ ብዕሩንም ከሁለቱ ወገኖች ያልሆነ ሰው ይያዝ። አሠራሩ ይህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ወገን ለየብቻ «የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምን እንደሚፈልጉ አይደለም። ከዚያ አንድ ደካማ ረቂቅ ይጽፋል፤ ደካማ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሁለቱም ይተቹታል፤ እንዲቀበሉት አይጠየቁም፤ ያልተስማሙበት ሐረግ በቅንፍ ይገባል፤ ጸሐፊው ያርማል፣ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በካምፕ ዴቪድ ግብፅንና እስራኤልን ያሸማገሉት አሜሪካኖቹ በ13 ቀን ውስጥ 23 ያህል ረቂቅ ያገላበጡት በዚህ መንገድ ነው። በየቀኑ ማታ የቅንፎቹን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፉ። 61፣ 48፣ 40፣ 39፣ 39 ብሎ የቆመ ዕለት ነገሩ ከቃላት አልፎ ወደ ጥቅም ደርሷል ማለት ነው፤ ሥራው ወደ ጥቂት ሰዎች ክፍል ይግባ።

እዚያ ክፍል ውስጥ የቀሩት ቅንፎች ብዙ ጊዜ የሚፈቱት ጊዜን በመከፋፈል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ተደራዳሪው ጆ ስሎቮ በ1992 ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ያለ ነበር፦ ሥልጣን መጋራት ለዘላለም ሳይሆን ለተወሰኑ ዓመታት፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ የሚያበቃ። አናሳው «ነገ አልጠፋም» ይላል፣ አብዛኛው «ለዘላለም አልታሰርም» ይላል። ከ1994 በኋላ ለአምስት ዓመት የታሰበው የአንድነት መንግሥት ከዚህ የወጣ ነው። ናሽናል ፓርቲ በ1996 ለቆ ሲወጣም ሥርዓቱ አልፈረሰም።

ስለ ዝግና ክፍት በር ብዙ ይባላል። የእኛ ፍርድ አጭር ነው፦ የባለሙያ ገለጻው፣ ሰነዱና የመጨረሻው ድምፅ ክፍት፤ መለዋወጡ ዝግ። ካሜራ ፊት አቋሙን የሚያለሳልስ ፖለቲከኛ የለም። ቃለ ጉባኤው ሐሳቡን ይመዝግብ፣ የተናጋሪውን ስም ግን አይጻፍ። ዋናው መድረክ ሲቋረጥ የማይቋረጡ ሁለት ሰዎችም አስቀድመው ይሰየሙ። ጁን 1992 በቦይፓቶንግ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ የደቡብ አፍሪካው ንግግር ሲቆም የኮንግረሱ ተደራዳሪ ሲሪል ራማፎሳና የመንግሥቱ ተደራዳሪ ሮልፍ ሜየር መገናኘታቸውን ቀጠሉ፤ ሴፕቴምበር 26 ቀን የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ በእነሱ መስመር የመጣ ነው።

ጽሑፉ ከክፍሉ ሲወጣ

የሚቀጥለው ተቀባይ ማን እንደሆነና በስንት ቀን መልስ መስጠት እንዳለበት በማቋቋሚያው ላይ ይጻፍ። በአየርላንድ 99 ዜጎችና አንዲት ሰብሳቢ ስለ ፅንስ ማቋረጥ በአምስት የሳምንት መጨረሻዎች መክረው ኤፕሪል 2017 ድምፅ ሰጡ። ምክረ ሐሳቡ ወደ ፓርላማው የጋራ ኮሚቴ ሄደ፣ ኮሚቴው በዲሴምበር ሪፖርት አቀረበ፣ ሜይ 25 ቀን 2018 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 66.4 በመቶ ለውጡን ደገፈ። ኮሚቴው በመሀል መኖሩ ጊዜ ማባከን አይደለም። እንደራሴዎቹ ጉዳዩን የራሳቸው እንዲያደርጉት ቦታ ሰጥቷቸዋል።

ፈረንሳይ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ 150 አባላት ያሉት የአየር ንብረት ጉባኤ የሚያቀርበውን «ያለ ማጣሪያ» እንደሚያስተላልፉ ቃል ገቡ። ጉባኤው በ2020 149 ሐሳቦች አቀረበ፤ ሦስቱ ወዲያው ተጣሉ፣ ብዙዎቹ ሲለሳለሱ ቆዩ። ፌብሩዋሪ 2021 አባላቱ መንግሥት ሐሳባቸውን ያስተናገደበትን መንገድ ሲገመግሙ አማካዩ ከ10 3.3 ሆነ። ሐሳብ መጣሉ ብቻ አይደለም ያስቆጣቸው፤ አይጣልም ተብሎ መጣሉ ነው። የምትሰጡት ቃል ከሥልጣናችሁ ትንሽ ይነስ።

የማጽደቂያው መለኪያም ከጉባኤው በፊት ይታሰብበት። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2004 የተቀመጠው የዜጎች ጉባኤ አዲስ የምርጫ ሥርዓት አቀረበ፤ በ2005 ሕዝበ ውሳኔ 57.7 በመቶ ደገፈው። መለኪያው 60 ስለነበር ወደቀ። ከግማሽ በላይ ደግፎ የወደቀ ነገር ለሁሉም መራራ ነው፤ በ2009 እንደገና ሲቀርብ ድጋፉ ከ40 በመቶ በታች ወረደ።

ቋሚ ለማድረግ ካሰባችሁ ከቤልጂየም ጀርመንኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ የምትወስዱት አሠራር አለ። ከ2019 ጀምሮ 24 ዜጎች ያሉት ቋሚ ምክር ቤት ርዕስ ይመርጣል፣ ለየርዕሱ በዕጣ ጉባኤ ይጠራል፤ የአንዱ አባል ጊዜ 18 ወር ሆኖ በየስድስት ወሩ ሲሶው ይቀየራል፤ ስለዚህ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ አለ። ፓርላማው ምክረ ሐሳቡን ከዜጎቹ ጋር ተቀምጦ መወያየት፣ የማይቀበለውንም በምክንያት መመለስ አለበት። እናንተም ማቋቋሚያው ላይ ሦስት ቀኖችን በቁጥር አስፍሩ፦ ጽሑፉ የሚቀርብበት፣ የጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት፣ እና ከመልሱ በኋላ በ12ኛው ወር ያው ሰዎች ተመልሰው ተቀምጠው የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነቡበት። ለሦስተኛው ቀን የአዳራሹንና የአበሉን ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀት ላይ ያዙ፤ በኋላ ሲጠየቅ አይገኝም።